መሪው የት ነው?

ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ነድቻለሁ፤
ከድሬ እስከ ደወሌ፣ ኩርባውን በሌሊት በጆሮ አውቃለሁ።
ልጆች በመስኮቱ ተንጠልጥለው ሲያዩኝ
ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የጠየቁኝ፦
«መሪው የት ነው?»
«የለውም» ስላቸው ማንም አያምነኝም።
ፍሬኑ ይኸው፣ ፊሽካው ይኸው፣ መሪ ግን የለኝም።
ብረቱ ነው የሚወስደኝ፤ የእኔ ሥራ
ማቆም ነው፣ መልቀቅ ነው፤ ሌላው የሐዲዱ ነው ተራ።

ጡረታ ስወጣ፣ ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
ኢየሩሳሌም ኖረው የመጡ አንድ መነኩሴ ጎረቤቴ ነበሩ፤
አባ ዘሩፋኤል፤ ዓይናቸው ደክሞ
በእኔ ዓይን ሊያነቡ የዕብራይስጥ ፊደል አስቆጠሩኝ፣
በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
ወደ ኋላ እንደሚገፋ ፉርጎ።

አንድ ከሰዓት ጣታቸው ቃል ላይ ቆመ፤ «ቴባ።»
«ይኸ ኖኅ ነው፤ እንስሳው ጥንድ ጥንዱን የገባ።»
ገጽ ገለጥን። ያው ቃል፣ ሌላ ውኃ ላይ፤
የደንገል ሣጥን፣ ሦስት ወር የተደበቀ ሕፃን ሲያለቅስ ሲታይ።
«አንዱ ዓለምን ያህላል፣ አንዱ ክንድ አይሞላም፤
ሁለቱም ተለቅልቀዋል፤ በስም አይለያዩም።
የእኛም ታቦት ዘመዱ ነው፤ አታይም፣ በጥምቀት
አልሄድም ሲል? ካህኑ ተሸከመው እንጂ አልመራው።»
እኔም የሠራተኛ ጥያቄዬን፦ «መርከብ ነው?»
«መርከብማ መቅዘፊያ አለው፣ ሸራ አለው።
ርዝመቱን ነገረው፣ ወርዱን፣ ቁመቱን፣
መስኮቱን፣ በሩን፣ ደርቡን።
መሪ ግን አላለም። አንብበው።»
አነበብሁት።
አላለም።

ያን ጊዜ ደቻቱ ትዝ አለኝ።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤
ግመል ይተኛበታል፣ ልጅ ኳስ ይለጋበታል፣ ልብስ ይቸረቸርበታል፤
የድሬ ሰማይ ኮከቡን እንደዘራ፣
ደጋ የዘነበውን ይዞ ሌሊት ይመጣል።

በዚያ ነሐሴ መፍቱሃ፣ የሐረር ልጅ፣ ስፌት ሰፊዋ፣
ውኃው ከጉልበቷ ወገቧ ሲደርስ፣
በግድግዳው የደረደረችውን የዕድሜዋን ስፌት ትታ
ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አነሣች፤
የአርባ ቀን ልጇን በሻሿ ጠቅልላ አስተኛች፤
ያዘችው። ያዘችው።
ከዚያ አልያዘችውም።

ጎሕ ሲቀድ ሐዲዱን ልፈትሽ ወጥቼ
ድልድዩ ሥር አገኘሁት፤
ሳፋው በግራር ሥር ተጠላልፎ፣
ልጁ ጡጫውን እየጠባ።
ሦስት ቤት አልፎ፣ ዋና የሚያውቀው ድሪርሳ
እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሰው ሁሉ «አላህ አተረፈው» ሲላት
እሷ አንድ ቃል ብቻ ትመልስ ነበር፦ «ለቀቅሁት።»

እናም ከአባ የተማርሁትን ይዤ ሄድሁ፣
እንደ ሐኪም መድኃኒት የያዝሁ መስሎኝ።
«የሙሴም እናት ለቀቀች» አልኋት፤
«ቃሉ ራሱ መሪ የለውም፤ ማንም አልመራውም።»
ሰማችኝ። መርፌዋን አላቆመችም።
«የሙሳ እናት» አለች፣ «‹አትፍሪ› ተብላለች።
እኔን ማን ምን አለኝ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።
ለአባ ብነግራቸው ብዙ ዝም አሉና
«ኋላ ጸሐፍቱ» አሉ፣ «ቃልንም ቴባ አሉት፤
ትለቀልቀዋለህ፣ ትለቀዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ...»
ሳይጨርሱት የማታ ደወል ተደወለ።

ሳፋው ዛሬ እግድግዳዋ ላይ ነው፣
ከቀዩና ከወርቃማው ስፌት መካከል፣
አፉ የተሰነጠቀ፣ ሰማያዊ ላስቲክ።
እንግዳ ሲጠይቃት ሻይ ትቀዳለች።

ልጁ ሙርሰል ባጃጅ ይነዳል።
ትናንት ከሳቢያን ሲያመጣኝ፣ ደረቁን ደቻቱ ስንሻገር፣
ባቡር መሪ እንደሌለው ነገርሁት።
ሳቀ፤ «አይ አባባ!»
ሳቁን ሳያቋርጥ
በሁለት እጁ መሪውን ጠበቅ አደረገ።